ቃጫና ሞራ

ቧንቧ የሚያፏጭበት ቤት ገብቼ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። በዚህ ጠባዬ ሚስቴ ስንት ጊዜ አፍራለች። ለቅሶ ቤት ሄደን እንኳ ከጓሮ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማሁ ጋቢዬን ሰብስቤ እነሣለሁ፤ መፍቻ አላችሁ ወይ ብዬ ሐዘንተኞቹን እጠይቃለሁ። ሰው የሙያ ፍቅር ይመስለዋል። ፍቅርስ አይደለም። ምን እንደሆነ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ግን ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እሰማ ይሆን ብዬ የምፈራው ሳቅም ሁሉ አፈር ለብሷል።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ኮልፌ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ጋራዡ ከአየር ጤና በሚመጣው መንገድ ዳር ነበር። የጭነት መኪና ሻንሲ ይበየድበታል፤ እስከ አስኮ ድረስ ካሉት ወፍጮ ቤቶችና ዘይት መጭመቂያዎች የተበላሸ ሁሉ እዚያ ይመጣል። ክረምት ጭቃው፣ በጋ አቧራው፣ ሁለቱም ከተቃጠለ ዘይት ጋር እየተለወሱ ጫማችንን ያከብዱት ነበር። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣሁ ስለነበርኩ ከሌሎቹ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ የግፊት ቁጥር አሰላለሁ። ከዚያ በተረፈ እጄ ገና የብዕር እጅ ነበር።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ ከባለቤቱ ይበልጥ የሚከበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አጭር፣ ጠንካራ፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ኮት የማይለያቸው የጉራጌ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ከአገራቸው በእግር መጥተው መርካቶ ውስጥ ሸክም ተሸክመዋል፤ በኋላ ከአንድ ጣሊያን ቧንቧ ሠሪ ጋር ገብተው ሙያ ለመዱ። የልብስ ንጽሕና ቤት ቦይለር ሲያፈስ፣ የጎሚስታ ኮምፕረሰር ሲያፏጭ ሰው የሚልከው ወደ እርሳቸው ነው። ሥራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ በጥርስ የሚጋጠም ብረት እንዳያፈስ ማድረግ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቫልቭ ከቧንቧ ጋር የሚጋጠመው በጥርስ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እየዞረ ይገባል። ይሁን እንጂ ብረትና ብረት ምንም ቢጠብቅ በመካከሉ ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ውሃ በዚያች ክፍተት ያለቅሳል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጮኻል። ግፊቱ ሲበረታ ያቺ ፀጉር የምታህል ክፍተት ቆዳ ትገፍፋለች። ስለዚህ ጥርሱ ላይ አንድ ነገር ይጠመጠማል። ጣሊያኑ ከአገሩ የሚመጣ ክር ነበረው። ክሩ ያለቀበት ቀን ጋሼ ከቤታቸው የእንሰት ቃጫ ይዘው ሄዱ፤ ጣሊያኑ በሁለት እጁ ጎትቶ ሊበጥሰው ሞክሮ አቃተው አሉ። ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

በየዓመቱ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ሌላው ሰው ከመስቀል ቆጮ ተሸክሞ ሲመለስ፣ እርሳቸው የዓመት ቃጫቸውን በጥቅልል፣ ለበዓሉ ከታረደው በሬ የተነሣውንም ሞራ በቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ። ሞራውን ከሰም ጋር አቅልጠው ያቀዘቅዙታል። ቃጫውን እንደ ሴት ፀጉር ያበጥሩታል። ሲሠሩ ከሁለተኛው ጥርስ ይጀምራሉ፣ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠመጥማሉ፣ በላዩ ሞራውን በአውራ ጣት ይቀባሉ፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። አንዴ ካጠበቁ በኋላ ለማስተካከል ብለው ቅንጣት ታህል እንኳ ወደ ኋላ አይመልሱም። ከመለሱት ቃጫውን ሁሉ አውጥተው እንደገና ይጀምራሉ። ቫልቩ ተከፍቶ ዝም ሲል ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣ «አሁን ጨዋ ሆንክ» ይሉታል።

በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት። አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ቦይለሩ አፈሰሰና ከጋሼ ጋር ተላክን፤ ባለጋራዡና ሦስት ሠራተኞችም ነበሩ። እኔ ፒያሳ ካለ ሱቅ አዲስ የመጣ ነጭ የላስቲክ ጥቅልል ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ጋሼ ከረጢታቸውን ሲፈቱ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ «ይሄ ቃጫ'ኮ ጊዜው አልፎበታል፤ በውጭ አገር የሚጠቀሙት ይሄን ነው» አልኩ። እርሳቸው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ጠመጠምኩ፣ አጠበቅኩ፣ እንፋሎቱ ተለቀቀ። ወዲያው ከጥርሱ መሐል ፊቴ ላይ እየተፋ መጣ፤ ዘልዬ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ቁጭ አልኩ። እዚያ ያለ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሼ ላስቲኬን ነቅለው ቃጫቸውን ጠመጠሙ፣ ቦይለሩም ጨዋ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተረስቶ «ፕሮፌሰር» ተባልኩ።

ወደ ማታ ስንመለስ ጋሼ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ክንዴን ያዙኝ። «ላስቲኩ ጥፋት የለበትም» አሉኝ ቀስ ብለው። «በተቃራኒው አዙረህ ነው የጠመጠምከው፣ ስታጠብቀው ተተረተረ። ሰው ፊት ልነግርህ አልፈለግኩም።» ይህን ያሉኝ ለብቻዬ መሆኑን አስታውሱልኝ። ሰውን ሳያሳፍሩ ማረም እንደሚቻል ያሳየኝ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ቀን የተማርኩት ሌላ ነገር ነው፤ አፌን መዝጋት ተማርኩ።

ጥቅምት ላይ ነው። ጋሼ ከመስቀል ከተመለሱ ብዙ ቀን አልሆነም፤ ቆርቆሯቸው በአዲስ ሞራ እንደተሞላ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሻንሲው ተሰንጥቆ ቆሟል፤ ባለመኪናው በር ላይ ይንቆራጠጣል፣ ባለጋራዡ ይጮኻል። ነባሩ በያጅ ታሞ አልመጣም። እርሱ ቢኖር ኖሮ የኦክስጅኑን ቦንቦላ ማንንም አያስነካም ነበር። ቦንቦላው ቁመቱ ሰው የሚያህል የብረት ጠርሙስ ነው፤ በውስጡ ያለው ግፊት ከልብስ ንጽሕና ቤቱ ቦይለር ጋር አይወዳደርም። አዲስ የመጣውን ቦንቦላ ሠራተኞቹ ግፊቱን ከሚቀንሰው መቆጣጠሪያ ጋር አጋጥመው ሲከፍቱት አንገቱ ላይ ሽ ብሎ ያፏጭ ጀመር። ዘጉት፣ አጠበቁት፣ ከፈቱት፤ አሁንም ያፏጫል። «ጋሼን ጥሩልኝ!» አለ ባለጋራዡ።

ጋሼ መጡ። «ማነው የሚያሽሟጥጠኝ?» አሉ እንደ ልማዳቸው። መቆጣጠሪያውን ፈቱት፣ ጥርሱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ከረጢታቸውን ፈቱ። ቃጫ ጠመጠሙ። ቆርቆሮውን ከፈቱ። ሞራውን በአውራ ጣታቸው ዛቅ አደረጉ።

እኔ አውቅ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በትምህርት ቤት ፈረንጁ መምህራችን ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፎ አስገልብጦናል፤ ኦክስጅን ባለበት ቅባት አይደርስም፤ ቅባት በዚያ ግፊት ኦክስጅን ሲያገኘው ያለ ክብሪት ይነድዳል። እርሱም ይቅር፤ መቆጣጠሪያው ላይ ባለው የግፊት መለኪያ ፊት በትንንሽ ቀይ ፊደል ዘይት እንዳይነካው የሚከለክል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረበት። በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለውሃና ለእንፋሎት መድኃኒት የሆነው ሞራ ለዚህ መርዝ ነው።

«ጋሼ» አልኩ።

«ምነው ፕሮፌሰር፣ ላስቲክህን አመጣህ እንዴ?» አለ ባለጋራዡ፣ ሠራተኞቹም ሳቁ። አንዱ ገንዳ ፈልጉለት አለ።

ጋሼ አልሳቁም። ቀና ብለው አዩኝ። «ተናገር ልጄ» አሉ።

ጥቂት ጠበቁኝ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ጎን ብወስዳቸው ይበቃ ነበር፤ እንደዚያ የማድረጉን መንገድ ራሳቸው አሳይተውኛል። የሠራተኞቹ ፊት ለሳቅ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀኝ አየሁ። ምናልባት ሳይሆን ይቀራል፣ ምናልባት መምህሩ አጋኖ ይሆናል፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ ለራሴ።

«አይ፣ ምንም» አልኩ።

ከዚያ ያደረግኩት ነው የባሰው። ወደ በሩ ሦስት እርምጃ ሄድኩ። አፌ ምንም ነው ያለው፤ እግሬ ግን እውነቱን ያውቅ ነበር።

ጋሼ መቆጣጠሪያውን መልሰው አጠበቁ። ቫልቩን እንደ ውሃ ቫልቭ በአንድ ጊዜ ከፈቱት። ድምፁ እንደ ጠመንጃ ነበር። ነጭ ብርሃን አየሁ፣ ከዚያ የሚነድ ካኪ ኮት አየሁ። ሌሎቹ ሲሸሹ እኔ ነበርኩ የሮጥኩት፤ ጆንያ አንሥቼ በላያቸው ተጠመጠምኩና እሳቱን አጠፋሁ። ቫልቩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ መዳፌ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለበት። ባለመኪናው ያገኘው ሌላ መኪና ላይ ጭነን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። በመንገድ ላይ እንዳይጮኹ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ቫልቩ ተዘጋ?» ብለው ጠየቁኝ። ተዘግቷል አልኳቸው።

ነፍሳቸው ተረፈች። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ግን ጠፉ፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ደረቁ። ባለጋራዡ ቦንቦላው ብልሹ ነው የመጣው አለ። ሠራተኞቹ እጣ ነው አሉ። እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም፤ ይልቁንም ተመሰገንኩ። የጋሼ ባለቤት ባገኙኝ ቁጥር አንገቴን አቅፈው ይስሙኛል። «አንተ ባትኖር አመድ ሆነው ነበር የማገኛቸው» ይሉኛል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሳይናገሩ የመጣ ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ቦታቸውን እኔ ወረስኩ። ቦይለር ሲያፈስ አሁን የሚላከው ወደ እኔ ሆነ። ባለጋራዡ ፕሮፌሰር ማለቱን ትቶ በስሜ ጠራኝ፤ ስሜን ስሰማው የሌላ ሰው ስም መሰለኝ።

እሑድ እሑድ አጠና ተራ ወደሚገኘው ቤታቸው እሄዳለሁ። ከግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ በሚያርፍበት መደብ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ዘመዶቻቸው በየመስቀሉ ቃጫ ይልኩላቸዋል፤ እርሳቸው በዳበሳ እያበጠሩ በትንሽ በትንሹ ይጠቀልሉታል። «የሳምንት ቃጫህ» ብለው ይሰጡኛል። ለውሃና ለእንፋሎት እጠቀምበታለሁ፣ አንድም ቀን አፍሶብኝ አያውቅም። ሞራውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ አልነካሁም፤ ሌላ ሰው እንዲቀባልኝ አደርጋለሁ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ሽታው ያመኛል እላለሁ። እርሱስ እውነት ነበር።

ከጨዋታችን መሐል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣል። በቀሩት ጣቶቻቸው ቃጫውን አየር ላይ እየጠመጠሙ፣ «ያን ቀን ቃጫው አንሶ ይሆን?» ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ፣ «ከሁለተኛው ጥርስ ነው የጀመርኩት ወይስ ከመጀመሪያው? ታስታውሳለህ?» ይሉኛል። «ልክ ነበር ጋሼ» እላቸዋለሁ። «ልክ ከነበረማ ለምን?» ይላሉ። እኔ ወይ ስለ ዝናቡ አወራለሁ ወይ ባለቤታቸውን ውሃ እጠይቃለሁ። እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ሄደ። ሰውየው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው በየቀኑ ያንኑ ቃጫ እየጠመጠሙ ስሕተታቸውን ይፈልጋሉ፤ ስሕተቱን የያዝኩት እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ቆሎ እበላለሁ። በእነዚያ ዓመታት ራሴን ምን ያህል እጠላው እንደነበር ለመናገር ቃል አላባክንም።

የመጨረሻው መስቀላቸው አልፎ ከተማው ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን ነው። ሰው በየመንገዱ ቆሞ ያንሾካሽካል፣ ባለጋራዡ በሩን በጊዜ ይዘጋል። ጋሼ ከስተዋል፤ ሳል ይዟቸዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስደርስ ባለቤታቸውን ለጉዳይ ልከዋቸው ብቻቸውን ነበሩ። የሳምንቱ ቃጫ ተበጥሮ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል። ገና ከመቀመጤ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ያን ቀን ቫልቩን ልከፍተው ስል ቀና አልኩ። በዚህ ዓለም በመጨረሻ ያየሁት አንተን ነው። ጀርባህን። ወደ በሩ ስትሄድ።» ሳሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሚስቴ እግዜር መልአክ ላከልን ትለኛለች። መጥቶ ያዳነኝ መልአክ ቀድሞ ለምን ወደ በሩ ሄደ? ተናገር ልጄ።»

ያችው ቃል ናት። ልክ እንደዚያን ቀን ጠበቁኝ። የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ግቢው ውስጥ እኛ ሁለታችንና አንዲት ዶሮ ብቻ ነን።

«አውቅ ነበር» አልኩ። «ቃጫው አይደለም ጋሼ። ሞራው ነው። ኦክስጅን ቅባት ሲነካው ይነድዳል። ትምህርት ቤት ነግረውናል። መለኪያው ላይም ተጽፎ ነበር።»

«ተጽፎ?»

«አዎ።»

«ምን ብሎ?»

«ዘይት አታስነኩ ብሎ።»

የሚጮኹ መስሎኝ ነበር። ጮኸው በዱላ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። እርሳቸው ግን ፊታቸው ቀስ ብሎ ተፈታ፤ ለብዙ ዓመት የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ፊት ሆነ። «እንግዲያስ እጄ አልከዳኝም» አሉ። ሁለት ጣታቸው የተጣበቀውን ቀኝ እጃቸውን አንሥተው በግራቸው አሻሹት። «እጄ ነው ብዬ ስንት ረገምኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ሁለተኛም ደገምኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ይስቁብኛል ብዬ።»

ይህን መልስ ለረጅም ጊዜ ጠብቀው ኖረው ይሆናል፤ ከዚህ የተሻለ መልስ ግን አልነበረኝም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንደ ወትሮው ቃጫውን ከጉልበታቸው አነሡ። እንደ ወትሮው እጄን ዘረጋሁ፤ ስለማያዩ ዘወትር እጄን ከእጃቸው በታች ነው የማደርገው። መዳፌ ላይ ሊያስቀምጡት ዝቅ ሲያደርጉ ጠባሳዬን ነኩት። እጃቸው ቆመ። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው፣ ጥርስ እንደሚዳስሱት አድርገው ዳሰሱት። ከዚያ ቃጫውን መልሰው ወደ ጉልበታቸው ሳቡት።

«ሂድ ልጄ» አሉኝ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ደመናው ከብዷል፣ ዝናብ ሳይመጣብህ።»

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ፤ ባለቤታቸው ተኝተዋል አሉኝ። በሌላውም እሑድ ተኝተዋል አሉኝ። የገና በዓል ሳይደርስ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ባለቤታቸው እንደ ድሮው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ፤ እንዳልነገሯቸው በዚያ ገባኝ። ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ከመደቡ ሥር አንድ ጆንያ አውጥተው ሰጡኝ። ውስጡ ያ ዓመት የመጣ ቃጫ ነበር። በዚያች እሑድ ጉልበታቸው ላይ ካየኋት አንዲት ጥቅልል በቀር ሌላው እንደመጣ ነው፣ አልተበጠረም።